ጫማችሁን ወደ ውስጥ አስገቡ

በተመራቂዎች ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



አዘጋጆቹ ደውለው «ከተመረቅሽ ወዲህ ስላለው የሥራ ሕይወትሽ ሃያ ደቂቃ ተናገሪ» ሲሉኝ እሺ አልኩ። ቁጭ ብዬ ስጽፈው ግን ለራሴም እንቅልፍ አመጣብኝ። እዚህ ያለነው ሁላችንም ተረኛ ሆነን አድረናል፤ ሁላችንም ደም ባንክ ደውለን «የለም» ተብለናል። ይኼን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለዚህ ፈቃዳችሁ ከሆነ ስለ ሌላ ነገር ልናገር። በእምነታቸው ምክንያት ተደብቀው የሚያመልኩ ሰዎችን ስለ መርዳት።

ርዕሱ ስብከት ይመስላል፣ አይደለም። በዚህ አዳራሽ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ካቶሊኩም፣ ጴንጤውም፣ «እኔ የለሁበትም» የሚለውም እንዳለ አውቃለሁ። የምናገረው እንደ ሐኪም ነው። በዚሁ ሥራ ላይ እኔ ራሴ ያጠፋሁትንም ጥፋት እናገራለሁ፤ ከሁሉ የሚጠቅማችሁ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ከቤታችን ልጀምር። አባቴ ድሬሰር ነበር። ወጣቶቹ ይህን ቃል የምታውቁት ከአያቶቻችሁ አፍ ይሆናል። የተማረው ናዝሬት፣ የሜኖናይት ሚስዮኖች ባቋቋሙት የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል ነው። እዚያ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ጋር አብሮ ይሰጥ ነበር። ከዚያ ከወጡት ድሬሰሮች ብዙዎቹ ኋላ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ሆኑ። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘጋ። ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ፤ መሪዎቹ ከ4 ዓመት በላይ እስር ቤት ተቀመጡ። እኔ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ ሰዎቹ ወደየቤቱ ገቡ። ቢበዛ ከአምስት እስከ ሰባት ሆነው ይሰበሰቡ ነበር። ዛሬ እኛ ቤት ከሆነ በሚቀጥለው ሌላ ቤት ነው። ቀኑም ሰዓቱም ይቀያየራል። ቡና ይፈላል፣ ቆሎ ይቀርባል፤ የቀበሌ ሰው ድንገት ቢገባ የሚያየው ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶችን ነው። ልደት፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ሁሉም ምክንያት ይሆን ነበር። ዝማሬው በከንፈር ብቻ ነው። እኔ እስከ አሥራ አራት ዓመቴ ድረስ መዝሙር ጮክ ተብሎ የሚዘመር ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

የአባቴ ምክንያት ደግሞ ሙያው ነበር። መርፌ የሚቀቅልበትን የቆርቆሮ ሳጥንና ፋሻውን በቦርሳ ይዞ ይወጣል። ከፋሻው ሥር አንድ ትንሽ አዲስ ኪዳን አለች። «የት ነበርክ?» ሲሉት «በሽተኛ ቤት» ይላል። ውሸትም አልነበረም፣ ከሚሰበሰቡት አንዱ ሁልጊዜ ያመዋል። መጀመሪያ በሽተኛውን ያያል፣ ከዚያ ይጸልያሉ።

እኔም ሥራ ነበረኝ። እንግዶቹ ሲገቡ ጫማቸውን እየሰበሰብኩ ወደ ውስጥ ማስገባትና አልጋ ሥር መደርደር። ደጃፍ ላይ ሰባት ጥንድ ጫማ ካለ ቤት ውስጥ ሰባት ሰው አለ ማለት ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ይቆጥረዋል። አባቴ ምክንያቱን አልነገረኝም፤ «ጫማውን አስገቢ» ብቻ ነው የሚለው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ ጎረቤታችን ልንገራችሁ። ጾምና ጸሎት የማያስታጉሉ ኦርቶዶክስ ነበሩ፤ የእኛን እምነት አይወዱትም ነበር፣ አልደበቁንምም። አንድ ቀን ፍተሻ ሊመጣ ነው ተብሎ ሲሰማ እናቴ መጽሐፎቹን በነጠላ ጠቅልላ ወደ እሳቸው ሮጠች። ተቀብለው የዱቄት ጎታቸው ውስጥ ከተቱት። ፈታሾቹ እኛ ቤት ፍራሽ ሲገለብጡ እሳቸው በራቸው ላይ ቆመው ጤፍ ያበጥሩ ነበር። በኋላ እናቴ ልታመሰግናቸው ስትሄድ፣ «እኔ የጴንጤ ነገር አይገባኝም። የጎረቤት ነገር ግን ይገባኛል» አሏት። ከዚያ በኋላም ስለ ሃይማኖት መከራከራቸውን አልተዉም። መጽሐፎቹን ግን ዱቄት እያራገፉ መለሱልን።

ሌላው ነገር ስንቅ ነው። የዚያን ዘመን እስረኛ የሚበላው ከቤቱ የሚመጣለትን መሆኑን በዕድሜ የምትበልጡን አትረሱትም። ዘመድ የሌለው ወይም ዘመዱ የፈራ እስረኛስ? ለእንዲህ ያለው አባቴና ጓደኞቹ በተራ ምሳ ዕቃ ያደርሱ ነበር። ዘበኛው «ምንህ ነው?» ሲል «ወንድሜ» ይላል። ሌላ ሳምንት ሌላ ሰው ሄዶ እሱም «ወንድሜ» ይላል። ዘበኛው በመጨረሻ «ይኼ ሰውዬ ስንት ወንድም ነው ያለው?» ብሎ ሳቀ አሉ። ሳቀ እንጂ አልከለከለም። ባዶው ምሳ ዕቃ ሲመለስ ታጥቦ ከሆነ ሰውየው ደኅና ነው፣ ሳይታጠብ ከመጣ ታሟል ወይም አቅም የለውም ማለት ነው። አባቴ ምሳ ዕቃውን ሲከፍት ፊቱን አይ ነበር። ሕክምና መማር የጀመርኩት ያኔ ይመስለኛል።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ነው። በሰፊው ስናየው ደርግ ያልነካው ቤተ እምነት የለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፣ ኋላም ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ከመንገድ ላይ ታፍነው ተወሰዱ፤ የሁለቱም አጽም የተገኘው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ገደማ ታሰሩ። የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በ1969 ዓ.ም. ተወረሰ። ነገሩ በደርግም አልተጀመረም። በንጉሡ ዘመን፣ በ1964 ዓ.ም.፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሙሉ ወንጌል አማኞች አዲስ አበባ ላይ ከአምልኮ ቦታቸው ተይዘው ታስረዋል። አሳዳጅ አንድ ዓይነት መልክ የለውም፤ አንዴ ዘውድ ይጭናል፣ አንዴ ቀይ ኮከብ።

መሠረተ ክርስቶስ ስትዘጋ 5 ሺህ ገደማ አባላት ነበሯት፤ በ1983 ዓ.ም. በግልጽ ስትወጣ 34 ሺህ ገደማ ሆነው ተገኙ። ይህን ቁጥር አንዳንዶች «ስደት ጥሩ ነው» ለማለት ይጠቅሱታል። እኔ እንደዚያ ማለት አልችልም፤ ሳይታጠብ የመጣውን ምሳ ዕቃ አይቻለሁና። ቁጥሩ ለእኔ የሚነግረኝ ሌላ ነገር ነው፤ ጫማ የሚያስገቡ፣ ስንቅ የሚያቀብሉ፣ ጎታ የሚከፍቱ ስማቸው የማይታወቅ ብዙ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው እንዴ? ወንዙን ስትሻገሩ አላለፈም።

በግንቦት 1994 ዓ.ም. የኤርትራ መንግሥት ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክ፣ ከወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያንና ከሱኒ እስልምና በስተቀር ሌሎቹ የእምነት ተቋማት እንዲዘጉ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ሠርግ ላይ፣ ቤት ውስጥ ሲጸልዩ፣ ብሔራዊ አገልግሎት ላይ እያሉ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነቡ እየተያዙ ታስረዋል። ብዙዎቹ የተያዙት በብረት የዕቃ ማጓጓዣ ኮንቴይነር ውስጥ ነው፤ ቀን በቆላው ፀሐይ ይጋላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ክስ የለም፣ ፍርድ ቤት የለም፣ «መቼ ትወጣለህ?» የሚለው መልስ የለውም። የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን መሪ ዶክተር ክፍሉ ገብረ መስቀል፣ የሂሳብ ምሁር ነው፣ በግንቦት 1996 ዓ.ም. ታሰረ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ የሙያ ባልደረባችን፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ፍጹም ገብረ ንጉሥ ታሰረ። እሱ ጴንጤ አይደለም፤ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረ የተሐድሶ እንቅስቃሴ አባል ነው።

የተፈቀደላቸውም ነፃ አልሆኑም። ፓትርያርኩ አቡነ አንጦንዮስ መንግሥት በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ መግባቱን በመቃወማቸው ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ2014 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ዓመታቱን በቁም እስር አሳለፉ። የይሖዋ ምሥክሮች ዜግነታቸውን ከተነጠቁ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ሦስት ወጣቶቻቸው ታስረው ከ26 ዓመት በኋላ ጎልማሳ ሆነው ወጡ። ሙስሊሞችም አልቀረላቸውም። የአስመራው የዲያ ትምህርት ቤት የክብር ፕሬዚዳንት ሐጂ ሙሳ መሐመድ ኑር፣ የዘጠና ዓመት አዛውንት፣ ታስረው እያሉ በ2010 ዓ.ም. አረፉ።

ከእነዚህ ሰዎች ሸሽተው የመጡት ከእኛው ጎን ነው የሚኖሩት። ክሊኒካችን ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚሉት «ትከሻዬን ያመኛል» ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ሰው መጣ። ዕድሜውን፣ ሥራውንና አገሩን አልናገርም፤ ይህችን ያህል እንድናገርም ፈቃዱን ጠይቄያለሁ። ሁለቱም እጆቹ ደንዝዘዋል፣ ብርጭቆ ይወድቅበታል። ሸሚዙን ሲያወልቅ የትከሻው አጥንት እንደ ክንፍ ወጥቷል፤ ከክርኑ በላይ ደግሞ እጁን የከበበ የቆየ የገመድ ጠባሳ አለ። አናቶሚ ክፍል ውስጥ ብራኪያል ፕሌክሰስን እየሳልን ስንሸመድድ እንደዚህ ባለ ሰው ላይ አየዋለሁ ብዬ አላሰብኩም። እጅና እግሩን ከኋላ አስረው በሆዱ አስተኝተው ፀሐይ ላይ ትተውታል፤ እነሱ «ሄሊኮፕተር» ይሉታል። እጅ ብቻ ሲታሰር «ኦቶ» ነው፣ በጣሊያንኛ ስምንት ማለት ነው። እኛ «ወፌ ይላላ» እንደምንለው ማለት ነው። ማሰቃያ ሁልጊዜ ቀላል ስም ያወጡለታል።

የሕክምና ሪፖርት ጻፍኩለት። የሥቃይ ምልክቶችን እንዴት መመርመርና መመዝገብ እንደሚገባ የሚያሳይ «የኢስታንቡል ፕሮቶኮል» የሚባል የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ፣ በ2022 ታደሰ። ሐኪም «ይህ ሰው ተሠቃይቷል» ብሎ ፍርድ አይሰጥም። ጉዳቱ ከተነገረው ታሪክ ጋር አይስማማም፣ ይስማማል፣ በጣም ይስማማል፣ የዚያ ድርጊት ዓይነተኛ ምልክት ነው፣ ወይም ከዚያ በቀር በሌላ ሊመጣ አይችልም ብሎ ደረጃውን ይጽፋል። በዚህ ቋንቋ በጥንቃቄ የተጻፈ ሁለት ገጽ ወረቀት ለአንድ ስደተኛ ጥገኝነት የማግኘትና ያለማግኘት ልዩነት ሊሆን ይችላል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ሠርቻለሁ።

ከዚያ አጠፋሁ። ለስደተኞች መርጃ ገንዘብ ለማሰባሰብ በተጠራ አንድ ስብሰባ ላይ ታሪኩን ተናገርኩ። ስሙን አልጠራሁም፤ በዚህም ራሴን ጠንቃቃ አድርጌ ቆጥሬ ነበር። ግን ሦስት ነገር ተናገርኩ፤ የከተማዋን ስም፣ የሚሰበሰቡበት ቦታ ምን ዓይነት እንደሆነና እሱ ያመለጠበትን ወር። ሰው አለቀሰ፣ ገንዘቡም ተሰበሰበ። አንዱ በስልኩ ቀድቶት ኖሮ በሁለት ቀን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ባልደረቦቼ፣ እኛ እኮ ሦስት ምልክት ከተሰጠን ዲያግኖሲስ የምንሠራ ሰዎች ነን። ሌላው አይችልም ብዬ እንዴት አሰብኩ?

ከሦስት ሳምንት በኋላ ክሊኒክ መጣ። አልተቀመጠም። «ዶክተር፣ ያንን ቦታ ለማን ነገሩ?» አለኝ። የቤቱ ባለቤት ተወስዷል። የእህቱ ባል ነው፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት። በእኔ ንግግር ይሁን በሌላ ምክንያት እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ የማውቅበትም መንገድ የለም። እንደዚያ ዓይነቱ መንግሥት ለምን እንደያዘህ አይነግርህም። ይቅርታ ጠየቅሁት። ዝም ብሎ አየኝና፣ «እርስዎ ለመርዳት ነው። ግን እኛ ቤት ስንገባ ጫማችንን እንኳ ውጭ አናስቀምጥም» አለኝ።

ጫማ።

አያችሁ፣ እኔ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ አልጋ ሥር ጫማ ደርድሬያለሁ። ግን ነፃነት ያስረሳል። መዝሙር በድምፅ ማጉያ የሚዘመርበት ዘመን ሲመጣ፣ ጮክ ብሎ መናገር ሁልጊዜ መልካም ነገር መሰለኝ። ሰውየው ወደ ክሊኒኩ ለመመለስ ስምንት ወር ፈጀበት። የመጣውም እጁ ስለባሰበት እንጂ ይቅር ስላለኝ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ዛሬ እጁ ተሽሎታል፤ የእህቱ ባል ግን ይህን ስናገር ገና አልተፈታም።

ከዚህ የተማርኩትን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ታሪኩ የታካሚው ነው፣ የእኛ አይደለም። ስም መደበቅ ብቻ አይበቃም፤ ቦታ፣ ጊዜ፣ ሙያና የዘመድ ዝምድና አንድ ላይ ሲመጡ ስም ይሆናሉ። ለመልካም ዓላማም ቢሆን ሳይፈቅድ አይነገርም። ሲፈቅድም «አገር ቤት ማን ቀርቷል?» ብለን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ መጮህ ያለበት ቦታም አለ። አንዳንድ ቤተሰብ የእስረኛው ስም በዓለም ሁሉ እንዲጠራ ይፈልጋል፣ መረሳት ከሁሉ ይከፋልና። እኔም ቅድም የጠራኋቸው ስሞች ዓመታት ሙሉ በአደባባይ ሲጠሩ የኖሩ ናቸው። ሌላው ቤተሰብ ደግሞ ዝም እንዲባል ይለምናል። መወሰን ያለባቸው እነሱ ናቸው። የእኛ ድርሻ ጠይቆ መልሱን ማክበር ነው።

ሦስተኛ፣ የምርመራ ክፍላችን እስር ቤት እንዳይመስል። በሩን የሚያይ ወንበር እንስጣቸው። ከመንካታችን በፊት እንንገራቸው። በአንድ ቀን ሁሉንም ካልነገርከኝ አንበል፤ እንቅልፍ የሌለው፣ በድምፅ የሚደነግጥ ሰው ታሪኩን በቅደም ተከተል ባይናገር ዋሸ ማለት አይደለም። ትግርኛ የሚያስተረጉም ሰው ስናመጣም መጀመሪያ «ይህን ሰው ታምነዋለህ?» እንበለው። ከራሱ ማኅበረሰብ የመጣ አስተርጓሚ የሚያጽናናው አለ፣ የሚያስፈራውም አለ።

አራተኛ፣ እምነቱን ሳንጋራ መርዳት እንችላለን። ጎረቤታችን እንዳደረጉት። እንዲያውም ከሌላ እምነት የመጣ እጅ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይጠቅማል፣ ማንም አይጠረጥረውማ።

አሁን ጥያቄዬን ላቅርብ፤ እዚህ መጥቼ በባዶ እጄ አልመለስም። ለተመራቂዎች፣ በሦስት ወር አንድ ግማሽ ቀን ለእንዲህ ያሉ ታካሚዎች ለመስጠት ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለማኅበራችን ጸሐፊ ስጡ። ኒውሮሎጂስት፣ ኦርቶፔዲክስ፣ የሥነ አእምሮና የማኅፀን ሐኪሞች በጣም ያስፈልጉናል። በውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ለጥገኝነት ጠያቂዎች በአማርኛም በትግርኛም ሪፖርት ለመጻፍ ከማንም ትቀርባላችሁ። ለመምህሮቻችን፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ወደ ኢንተርንነት ከመግባታቸው በፊት የኢስታንቡል ፕሮቶኮልን አንድ ሙሉ ቀን ይማሩ። እኔ በዚህ ግቢ በቆየሁባቸው ዓመታት አልተማርኩትም፤ የተማርኩት በሰው ጉዳት ላይ ነው። እንዲያስተምሩ ከተጠራሁ እመጣለሁ፣ ክፍያ አልፈልግም፤ ቡና ካለ ይበቃኛል።

አባቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፈ። ቆርቆሮ ሳጥኑ እኔ ጋ ነው፣ ክሊኒኬ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ታካሚዎች «ምንድነው?» ሲሉኝ «የአባቴ የመርፌ መቀቀያ ነው» እላለሁ። የቀረውን አልናገርም። ዛሬ ለእናንተ ተናገርኩ፣ እሱንም ቢሆን እናቴን አስፈቅጄ ነው። እሷ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «የሞቱትን ተናገሪ። ያሉትን ግን ጠይቂያቸው።»